ስምንተኛው ፕላዝማ

ስምንተኛው ፕላዝማ ከነካርቶኑ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ ወር ሞልቶታል። ሰባቱ ጓደኞቹ በሰባት ክፍሎች ውስጥ ተተክለው፣ ከሳተላይት የሚወርድላቸውን ትምህርት ከጠዋት እስከ ማታ ያወርዳሉ። ለስምንተኛው ግን ማደሪያ ጠፋ። ከበላይ የመጣው መመሪያ የማያሻማ ነበር፤ ክፍሉ የብረት በር፣ ፍርግርግ ያለው መስኮት፣ የሲሚንቶ ወለልና ኮርኒስ ሊኖረው ይገባል። ከሰቆጣ ከተማ ዳር ባለው በዚያ ትምህርት ቤት አራቱንም አሟልቶ የቀረው ክፍል አንድ ነው፤ እሱም ቤተ መጻሕፍቱ።

ጊዜው 1997 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ ገበየሁ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ውባንቺን አስጠሩና ወንበር ሰጧት።

“እንዲያው ለነገሩ፣ ስንት ተማሪ ነው ካንቺ ዘንድ መጽሐፍ የሚዋሰው?”

“በግምት ነው በቁጥር?”

“አንቺ ደሞ በግምት የምታውቂው ነገር አለ እንዴ!” አሉና ሳቁ። “በቁጥር ነው። ነገ ጠዋት ይድረሰኝ።”

ውባንቺ ለምን እንደተጠየቀች ገብቷታል። ካርቶኑ ከፊቷ ቆሟል። ቢሆንም ቁጥሩን አሳምሮ ማቅረብ ለአፍታም አልታሰባትም። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ ክፍል ስትሠራ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስቱን መጽሐፍ እየነጠለች ታውቃለች፤ የትኛው ስንተኛ ገጹ ላይ ዘይት እንደነካው፣ የትኛው ጀርባው እንደላላ በመዝገቧ ተጽፏል። ማምሻውን በሩን ዘግታ፣ ከመስከረም ጀምሮ ያለውን የውሰት መዝገብ ገጽ በገጽ ገልጣ፣ የተደጋገመውን ስም አንዴ ብቻ እየቆጠረች ደመረች። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ውስጥ የተዋሰው ሰባ አራት ነው። ደግማ ደመረች። ያው ሰባ አራት።

በማግስቱ ወረቀቱን ስትሰጣቸው አቶ ገበየሁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት።

“ሰባ አራት ብቻ?”

“ሰባ አራት ብቻ።”

“እንግዲህ ፍርዱን አንቺው ስጪ። በዚያ ክፍል ፕላዝማው ቢገባ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሰባ ልጅ ይማርበታል። በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ ነው። ሰባ አራቱን ያንቺን ሰው በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።” ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስሌቱን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። “በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰብና እንወስናለን። መጻሕፍቱ ለጊዜው በካርቶን ታሽገው ወረዳው መጋዘን ይግቡ።”

ውባንቺ መጋዘኑን አይታዋለች። ካቻምና “ለጊዜው” የገቡ ወንበሮች አሁንም እዚያው ናቸው፤ ምስጥ እግራቸውን በልቶታል።

ወሬው ወደ መምህራን ማረፊያ ለመድረስ አንድ ዕረፍት በቃው። የፊዚክስ መምህሩ ዘበነ እንደወትሮው የፕላዝማውን መቆጣጠሪያ በሸሚዙ ኪስ ሰክቶ ገባ።

“ውባንቺ፣ አይዞሽ፣ አትዘኚ። መጀመሪያ የተበላሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ አራት ዓመት አስተምሬ አሁን የሪሞት ዘበኛ ሆኛለሁ። አምስት ደቂቃ አስተዋውቃለሁ፣ ሰውየው ሠላሳ ደቂቃ ይናገራል፣ አምስት ደቂቃ አጠቃልላለሁ። ዝም ማሰኘት አልችል፣ ቆይ ማለት አልችል!”

“ታዲያ ልጆቹ ይገባቸዋል?” አለች።

“እሱን ሰውየውን ጠይቂው። እኔ በሩን ነው የምጠብቀው።”

“ቀልዱን ተወው፣ ዘበነ” አሉ ጥግ የተቀመጡት የአማርኛ መምህሩ አሥራተ ማርያም። “መጽሐፍን ቴሌቪዥን አይተካውም።”

“ጋሼ አሥራተ፣ እርስዎ ጥቁር ሰሌዳውንም አይተካውም ብለው ነበር። ይኸው ሰሌዳው ከፕላዝማው ሥር አቧራ ለብሷል። የሚታይ ነገር እያለ ማን ተጎንብሶ ፊደል ይለቅማል?”

ውባንቺ በክርክሩ አልገባችም። ያላየችውን ነገር መከራከር አይሆንላትም። በዚያኑ ቀን አስፈቅዳ ዘጠነኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ነበር። ከውጭ የጄኔሬተሩ ጩኸት ይሰማል። በስክሪኑ ላይ ልብ ለሁለት ተከፍሎ ታየ፤ ደሙ በአንዱ በኩል ሰማያዊ ሆኖ ገብቶ በሌላው ቀይ ሆኖ ሲወጣ፣ በመካከል ያሉት ክዳኖች ሲከፈቱና ሲዘጉ እያዩ ሰባ ተማሪዎች ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሷም ዋጠች። በቤተ መጻሕፍቷ የዚሁ ልብ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አለ፤ ሥዕሉ ግን አይንቀሳቀስም። ይህ ለፕላዝማው የሚሰጥ ነጥብ ነው ብላ በልቧ ያዘች።

ከዚያ ወዲያ ግን ሰውየው በእንግሊዝኛ መናገር ቀጠለ፤ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ፣ ሌላ ብቅ አለ። ሰዓቷን አውጥታ ለካች። አንዱ ጽሑፍ የቆየው ዐሥራ ሁለት ሴኮንድ ነው። እጃቸውን ከአፋቸው አንሥተው መጻፍ የጀመሩት ተማሪዎች ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበሩ። ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛውን ትምህርት ቤት የለመዱት፣ እንግሊዝኛውን ገና የሚድኹበት።

አንድ ነገር ግን አልገባትም። ከፊት ሁለት ረድፍ ያሉ ሰባት ልጆች አይቸኩሉም። አንደኛው ላይኛውን መስመር ጽፎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል፤ ቀጣዩ ከእሱ ተቀብሎ ታችኛውን ይጽፋል፤ አንዷ ልጅ ሥዕሉን ብቻ ትሥላለች፤ ሌላው ምንም ሳይጽፍ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ አወቀችው፦ ደግሰው፣ ከፃግብጂ የመጣ ልጅ። በመዝገቧ ውስጥ ከማንም በላይ የሚደጋገም ስም ነው።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተመልሳ መዝገቡን ገለጠች። ደግሰው ከመስከረም ወዲህ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ተውሷል። ከመደርደሪያው እሱ የመለሳቸውን እየለየች አወረደች። በየጀርባቸው ከፍታ ስታይ የማተሚያ ቤቱ ክር የለም፤ በምትኩ ከእርዳታ ስንዴ ኬሻ አፍ የተመዘዘ ነጭ ወፍራም ክር አለ። ሃያ ሁለት መጽሐፍ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። ይህን እስከዛሬ አለማየቷ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

የመንግሥት ንብረት ያበላሸ ተማሪ ከዲስፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ ቅጣቱ ለዓመት መታገድ ነው። ክሱን ከመጻፏ በፊት ግን በዓይኗ ማየት ነበረባት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከገበያው በላይ ያለውን መንደር ጠይቃ አገኘችው። ከገጠር የሚመጡ ተማሪዎች በኪራይ የሚያድሩበት የጭቃ ቤት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ከግድግዳው የተንጠለጠሉ የስንቅ ከረጢቶች፣ ጥግ ላይ የተዘረገፈ ድርቆሽ፣ መደቡ ላይና ወለሉ ላይ ተራርቀው የተቀመጡ ሰባት ልጆች። እያንዳንዳቸው ጥቂት ገጾች ይዘዋል። የሁሉም ገጾች የአንድ መጽሐፍ ናቸው።

“እትዬ ውባንቺ!” ደግሰው ሲነሣ ገጾቹ ከእጁ ሊወድቁ ነበር።

“ያዝ! ቀስ ብለህ ያዝ!” አለች ከሰላምታ በፊት። “ማን ነው ይኼን የፈታው?”

አንዲት ቀጭን ልጅ ወስፌ ከነክሩ በእጇ እንደያዘች ተነሣች። ይታየሽ ትባላለች፤ ከሰሃላ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ የምትመጣ ናት።

“እኔ ነኝ የፈታሁት። የምሰፋውም እኔ ነኝ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይጠርዛሉ፤ ከሳቸው ነው የለመድኩት። አንድም ገጽ አልጠፋም፣ እትዬ። ይቁጠሩት።”

ውባንቺ ቆጠረችው። አልጎደለም። ቀድሞ የተሰፋ አንድ ሌላ መጽሐፍ አንሥታ ጥራዙን በጣቷ ሳበችው፤ ከማተሚያ ቤቱ ስፌት የጠበቀ ነበር። ይህንን ግን አልተናገረችም።

“ለምን ትፈቱታላችሁ? ሰው እንደሰው በተራ አያነብም?”

“በተራማ ካነበብን ለሰባት ሰው የውሰቱ ሦስት ቀን አይበቃም” አለ ደግሰው። “ፕላዝማው ነዋ ያጣደፈን። ክፍል ውስጥ እየተቀባበልን እንጽፋለን፤ ቅዳሜ አንድ ላይ እናገጣጥመዋለን። ቀዳዳ አይጠፋውም፤ ያንን ከመጽሐፍ ፈልገን እንሞላለን። ሁሉም በደረሰው ጥራዝ ይፈልጋል።”

“ፕላዝማውን ትጠሉታላችሁ ማለት ነው።”

“ኧረ እንወደዋለን!” አለች ይታየሽ። “ልቡ ሲመታ አላዩትም? ሮጦ የሚያልፍ መሆኑ ነው እንጂ ክፋቱ። መጽሐፉ እስክንደርስበት ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል።”

“ታዲያ ስድስታችሁ ለምን በየስማችሁ አትዋሱም? በአንዴ ሰባት መጽሐፍ ይሆንላችሁ ነበር።”

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው በአገውኛ አንድ ነገር ሲል ሌሎቹ ሳቃቸውን አፈኑ።

“ምን አለ?”

ደግሰው ራሱን አከከ። “ʻሕጉን ያወጣችው ሴትዮ ሕጉን ረሳችውʼ ነው የሚለው። ዋስ የለንም፣ እትዬ። እኔ አክስቴ የሻሽወርቅ እዚህ ከተማ ሻይ ቤት ስላላት ፈረመችልኝ። እነሱን ማን ያውቃቸዋል?”

ሕጉ የእሷ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ዐሥራ አንድ መጽሐፍ በአንድ ዓመት ሲጠፋ፣ መጽሐፍ የሚዋስ ተማሪ ደመወዝተኛ ወይም ከተማው ውስጥ ቤት ያለው ሰው ዋስ ይጥራ ብላ አርቅቃ ያስጸደቀችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ በስምንት ዓመት የጠፋው ሦስት ብቻ ነው። ከሠራቻቸው ሥራዎች ሁሉ የምትኮራበት ይህ ነበር። ከፃግብጂ፣ ከሰሃላና ከጋዝጊብላ ድርቆሽ ተሸክሞ የሚመጣ ልጅ ከተማ ውስጥ ዋስ ከየት ያመጣል ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም።

“እንዲህ የምታነቡ እናንተ ብቻ ናችሁ?”

“አይ” አለች ይታየሽ። “ከወንዙ ወዲያ ዐሥራ አንድ ልጆች አሉ፤ እሑድ ከኛ ይወስዱና ሰኞ ጠዋት ይመልሳሉ። የጋዝጊብላዎቹ ደግሞ በሌላ ልጅ ስም ነው የሚያስወጡት።”

ውባንቺ ክሱን አልጻፈችም። እሑድና ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሥራ መልስ የተማሪ ኪራይ ቤቶችን አንድ በአንድ ዞረች። በየቤቱ የምትጠይቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር፦ የመጨረሻው ያነበባችሁት መጽሐፍ ምንድን ነው? ምን ይላል? ሁለተኛውን ያልመለሰ አልተቆጠረም። በመዝገቧ ውስጥ ከነበሩ ዘጠኝ ስሞች ጀርባ መቶ ስልሳ ሦስት አንባቢ አገኘች። ዘጠኙን ከሰባ አራቱ ቀንሳ መቶ ስልሳ ሦስቱን ስትጨምር ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ሆነ።

ዓርብ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቁጥሩን አንብባ ስትጨርስ አቶ ገበየሁ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

“ባለፈው ሳምንት ሰባ አራት፣ በዚህ ሳምንት ሁለት መቶ ሃያ ስምንት! እንዲህ የሚራባ ነገር አይቼ አላውቅም።”

“ያለፈው ስህተት ነበር። የሚያነበውን ሳይሆን የሚፈርመውን ነው የቆጠርኩት።”

“ጥሩ። የቀሩትን ስም ዝርዝር አምጪ።”

“ስም አልሰጥም።”

“ለምን?”

ስም ብትሰጥ እንዴት እንዳነበቡ ትጠየቃለች፤ እንዴት እንዳነበቡ ብትናገር የተፈቱት መጻሕፍት ይወጣሉ፤ ከዚያ ይታየሽና ደግሰው ዓመቱን ከቤት ይውላሉ። ሰሃላ የተመለሰች ልጅ በዓመቱ መምጣቷንም ማንም አያውቅ። ክፍሉን የሚያስቀርላት ስም ዝርዝር በቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም።

“በራሴ ምክንያት” አለች።

“ወይ ውባንቺ!” አለ ዘበነ፣ ለአንዴ ቀልዱን ትቶ። “አምና እኔ ʻወደ ሃያ ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፍ ጠይቆኛልʼ ስልሽ ʻስማቸውን ጻፍልኝ፣ ያለ ስም አልቀበልምʼ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያስ ኮሚቴውም አይቀበልም” አሉ አቶ ገበየሁ። እጅ ወጣ። ጋሼ አሥራተ ብቻ እጃቸውን አላወጡም። ክፍሉ ለስምንተኛው ፕላዝማ ተሰጠ። ፕላዝማውን የሚተክለው ባለሙያ ሐሙስ ይደርሳል፤ እስከዚያ መጻሕፍቱ ታሽገው ይውጡ ተባለ።

“ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ይሰጠኝ” አለች ውባንቺ። “ቆጥሬ ነው የማስረክበው።”

“ይሰጥሽ። ቆጠራ ያንቺ ነገር ነው።”

ሰኞ ጠዋት በብረቱ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንኛውም ተማሪ መጽሐፍ መዋስ ይችላል። ዋስ አያስፈልግም። የመመለሻው ቀን ቤተ መጻሕፍቱ በሌላ ክፍል የሚከፈትበት ቀን ነው። ከሥሩ ውባንቺ ፈርማ ማኅተሟን መታችበት።

የመጀመሪያው ሰዓት ማንም አልመጣም፤ ልጆቹ ማስታወቂያውን እያነበቡ የሆነ ወጥመድ ያለበት ይመስላቸው ነበር። በዕረፍት ይታየሽ ገባች። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ቢሆን ነው፤ በራሷ ስም ስትፈርም ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ወፍራሙን መዝገበ ቃላት መርጣ በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። ያን ያዩት ተግተልትለው ገቡ። ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ የጄኔሬተሩን ቤት ዞረ። ውባንቺ ስም፣ ክፍል፣ የመጣበት ቀበሌ፣ የመጽሐፉ ቁጥር እያለች ጻፈች። “ዋስ” ከሚለው ዐምድ ስትደርስ ባዶ መተው ስላልሆነላት የራሷን ስም ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ጣቷ አበጠ፤ በጨርቅ ጠምጥማ ቀጠለች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አቶ ገበየሁ ብቅ አሉ። መደርደሪያዎቹ ተራቁተው ግድግዳው ይታያል።

“ቆጠራ አላልሽኝም?”

“እየቆጠርኩ ነው።”

መዝገቡን ከእጇ ወስደው ቆመው ገለጡ። በየገጹ አንድ ስም ከላይ እስከ ታች ይደጋገማል። ብዙ ገጽ ካገላበጡ በኋላ ቀና አሉ።

“እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጤነኛ ነው? ቢጠፋ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።”

“አውቃለሁ። መጋዘን ገብቶ ቢበላሽም የምጠየቀው እኔው ነበርኩ።”

“ስንት ደረሰ?”

“አንድ ሺህ አንድ መቶ አምስት መጽሐፍ። ዘጠኝ መቶ ዐሥራ አንድ ተማሪ።”

አቶ ገበየሁ የተራቆቱትን መደርደሪያዎች ቃኙ። “ይኼ ሁሉ አንባቢ ነበረን?”

“ይኼ ሁሉ ተማሪ ወስዷል። ሲያነብ ግን አላየሁም። እሱን በሰኔ እነግርዎታለሁ።”

መዝገቡን መለሱላትና ሄዱ። አቁሚም፣ ቀጥይም አላሏትም።

ሐሙስ ገና ፀሐይ ሳይከር ገብረ ሊባኖስ የሚባለው አህያ ነጂ መጻሕፍቱን ወደ መጋዘኑ ሊያጓጉዝ አራት አህያ እየነዳ ግቢው ገባ። ከበሩ አጠገብ የተከላ ባለሙያው ግድግዳውን በሜትር ይለካል። በወለሉ መካከል ገጽ የጎደላቸውና ማንም ያልፈለጋቸው አርባ አንድ የድሮ ሪፖርቶች በአንድ ካርቶን ታሽገው ተቀምጠዋል።

“ሌላውስ?” አለ ገብረ ሊባኖስ፣ አንገቱን አስግጎ ከወዲያ ወዲህ እያየ።

“ይኸው ነው።”

“አራት አህያ አምጣ ተብዬ? እትዬ፣ እየቀለዱብኝ ነው?”

“የቀረው እስከ ትናንት ሄዶ አልቋል” አለች ውባንቺ። “ፃግብጂም፣ ሰሃላም፣ ጋዝጊብላም።”

ገብረ ሊባኖስ ያለችውን አልተከታተለም። ካርቶኑን አንሥቶ በአንደኛዋ አህያ ጎን አሰረና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየው፤ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ከአጥሩ ሥር የሚመጥን ድንጋይ ፈልጎ በሌላው ጎኗ ጫነ። አህያይቱ እያዘገመች በበሩ ወጣች፤ ሦስቱ ባዷቸውን ተከተሏት።